ለደብረ ብርሃን ግቢ የሚሻለው ዶሮ ነው ወይስ ድርጭት?

ጥያቄ፦ የጠባሴዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ትንንሽ ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር የምንኖርበት ግቢ ሰፊ ባይሆንም ከቤቱ ጀርባ ሃያ ካሬ ሜትር የሚሆን፣ በግንብ የታጠረ ባዶ ቦታ አለን። እዚያ ላይ ለልጆቹ እንቁላል የሚሰጥ፣ ከተረፈም ለጎረቤትና ለሱቅ ተሽጦ ቢያንስ የመኖውን ወጪ የሚችል ነገር ለማርባት አስበናል።

አማቴ ያደጉት ሞጃና ወደራ ነው፤ ዶሮን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት ሌላ ነገር እንዲመጣ አይፈልጉም። ባለቤቴ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ወዳጁ ቤት ድርጭት አይቶ ከተመለሰ ወዲህ ልቡ ወደዚያ አዘንብሏል። ቦታ አትፈጅም፣ ጥቂት ትበላለች፣ በሁለት ወር ዕድሜዋ እንቁላል ትጥላለች ይላል። እኔና እሱ ቀኑን በሥራ ስለምንውል ቤት የሚውሉት አማቴ ናቸው፤ ስለዚህ የሚመረጠው ነገር እሳቸውን የማያደክም መሆን አለበት። የሚያሳስበኝም የአገራችን ብርድ፣ የመብራት መቆራረጥና በጾም ወራት የእንቁላል ገበያ መቀዝቀዙ ነው። በሁለቱም ላይ ልምድ ያላችሁ፣ የትኛው እንደሚሻልና ለምን እንደሚሻል ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መልስ፦ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ቦታውን፣ ቤት የሚውለውን ሰውና የምትፈልጉትን ጥቅም ለይተው ስላስቀመጡ መልሱን አቅልለውልኛል። በእኔ አስተያየት በእርስዎ ግቢ መጀመር ያለበት ዶሮ ነው። ይህን የምለው ድርጭትን ንቄ ሳይሆን መኖውን፣ ብርዱንና ገበያውን አንድ ላይ ሳስባቸው ሚዛኑ ወደ ዶሮ ስለሚያደላብኝ ነው።

ከመኖው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ስሌቱን ሳይጨርስ የሚወስነው እዚህ ላይ ነውና። አንዲት ድርጭት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መኖ ስትበላ የእንቁላል ዶሮ ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ድርጭት በአራት እጥፍ የምትረክስ ይመስለዋል። ነገር ግን የድርጭት እንቁላል የሚመዝነው ከ10 እስከ 12 ግራም ነው፤ የእንቁላል ዝርያ የሆነች ዶሮ እንቁላል ደግሞ ከ55 እስከ 60 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ የአንድ ዶሮ እንቁላል ያህል ምግብ ለማግኘት አምስት የድርጭት እንቁላል ያስፈልጋል፤ አምስት ድርጭቶች በቀን የሚበሉትም ከአንዲት ዶሮ ቀለብ የሚያንስ አይደለም። በዚያ ላይ የምትጥል ድርጭት መኖዋ 20 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል፤ ለጫጩቶቿ ከ24 በመቶ በላይ ያስፈልጋል፤ ለእንቁላል ዶሮ ግን ከ16 እስከ 18 በመቶ ይበቃል። ፕሮቲኑ የሚገኘው ከአኩሪ አተር፣ ከኑግ ፋጉሎና ከመሳሰሉት ነው፤ ከበቆሎውና ከፉርሽካው ይልቅ የመኖውን ዋጋ የሚያንረውም ይኸው ክፍል ነው። እንግዲህ በኪሎ ሲሰላ የድርጭት እንቁላል ከዶሮው አይረክስም። የሚያዋጣው በተለየ ዋጋ የሚገዛ ደንበኛ አስቀድሞ ሲገኝ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ዶሮ የቤት ትርፍራፊ ወደ እንቁላል መለወጧ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የጎመን ቅጠል፣ ከገብስና ከስንዴ ሲለቀም የሚወጣው ግርድ ሁሉ ለእሷ ቀለብ ነው፤ ሙሉ መኖዋን ባይተካም ወጪውን ይቀንሳል። ድርጭት ግን ተመጥኖ የተዘጋጀና የደቀቀ መኖ ካላገኘች እንቁላሏን ወዲያው ታቋርጣለች።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የሌሊት ውርጭ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ላባዋን የጨረሰች ዶሮ፣ እርጥበትና የነፋስ ሽውታ እስካልነካት ድረስ፣ ይህን ብርድ ትችለዋለች። የተፈለፈለች የድርጭት ጫጩት ግን ክብደቷ ከ6 እስከ 8 ግራም ብቻ ነው፤ ይህን የምታህል ፍጥረት የሰውነት ሙቀቷን ይዛ ማቆየት ስለማትችል በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ሌት ተቀን ትፈልጋለች። መብራት ሌሊት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ሁሉም ተደራርበው ታፍነው ወይም በርዷቸው ሊያልቁ ይችላሉ። በዶሮ በኩል ግን ይህን ፈተና ጨርሶ የማለፍ መንገድ አለ፤ የ45 ቀን ጫጩት መግዛት። በዚያ ዕድሜዋ ላባ አብቅላለች፣ ዋና ዋናዎቹን ክትባቶችም ወስዳ መምጣት ይገባታል። ለእርስዎ ቤት ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤት የሚውሉት አማትዎ ብቻ ናቸውና።

የከፍታውን ነገር ካነሳሁ አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። አየሩ ስስ በሆነበት በእንዲህ ያለ ደጋ፣ በመፈልፈያ ማሽን የሚገባ እንቁላል ከቆላው ያነሰ ይፈለፈላል፤ ስለዚህ የድርጭት እንቁላል ገዝታችሁ እዚሁ ለማስፈልፈል ካሰባችሁ ውጤቱ ካሰባችሁት ሊያንስ ይችላል። እንዲሁም በጥቂት ሳምንት የሚደርሱትን የሥጋ ዶሮዎች አታምጡ፤ ሰውነታቸው ፈጥኖ ሲያድግ ልብና ሳንባቸው ከብርዱና ከአየሩ መሳሳት ጋር ስለማይጣጣም ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ይሞታሉ።

ዝርያን በተመለከተ ለጓሮ የሚስማሙት ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑት ናቸው። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነው ኮኮክ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሲሆን በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል በአገራችን የተሰራጨ ነው፤ ሳሶም በየወረዳው በሰፊው ይገኛል። ቦቫንስ ብራውን በእንቁላል ብዛት ሁለቱንም ይበልጣል፤ ነገር ግን ሙሉ መኖና ጥብቅ እንክብካቤ የሚጠይቅ በመሆኑ ለመጀመሪያ አልመርጥላችሁም። በቤቱ ወለል ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ ማስፈር ይቻላል፤ በሃያው ካሬ ላይ ሦስት ካሬ የሚሆን ቤት ሠርታችሁ ቀሪውን መንቀሳቀሻ ብታደርጉት አሥራ ሁለት ቄብ በደንብ ይይዛል።


መልስ፦ ድርጭት አርቢ፣ ሸዋ ሮቢት

ባለሙያው ያቀረቡትን የመኖ ስሌት አልቃወምም፤ እኔም በየወሩ የምሠራው ስሌት ነው። ሆኖም ድርጭት አርቢ ነኝና ጠያቂዋ ስለ ድርጭት ሙሉውን ሥዕል እንዲያገኙ እፈልጋለሁ።

የድርጭት ትልቁ ብርታት ፍጥነቷ ነው። እንቁላሏ በ17 ወይም በ18 ቀን ይፈለፈላል፤ የዶሮው 21 ቀን ይወስዳል። ከተፈለፈለች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ መጣል ትጀምራለች፤ ቄብ ዶሮ ግን እንደ ዝርያዋ አምስት ወር ገደማ መጠበቅን ትጠይቃለች። በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል ትሰጣለች። አነስተኛ ገንዘብ ይዞ ለሚጀምር ሰው ያ ገንዘብ ፈጥኖ ተመልሶ መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። የቦታም ነገር እውነት ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ድርጭት ይይዛል፣ ቤታቸውንም እንደ መደርደሪያ አንዱን በአንዱ ላይ መሥራት ይቻላል። እንደ አውራ ዶሮ ሌሊት የሚጮህና ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነገር የለም፤ ወንዱ ድምፅ ቢኖረውም እንደ አውራ ዶሮ አይረብሽም። ወንድና ሴቷን በሦስት ሳምንት ዕድሜ መለየት ይቻላል፦ የሴቷ ደረት ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን የወንዱ ደረት ነጠብጣብ የሌለው ቀይ ዳማ ነው።

አያያዟ ግን የራሱ ሥርዓት አለው፤ እሱን ሳያውቁ መጀመር ገንዘብን መበተን ነው። ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስለምትዘል ቤቷ ወይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ወይም ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ በመካከለኛ ቁመት ያለ ጣሪያ ጭንቅላቷን ይሰነጥቀዋል። ጫጩቶቹ በመጠጫቸው ውስጥ ሰጥመው ስለሚሞቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃው ውስጥ የታጠቡ ጠጠሮች ይደረጋሉ። ለዶሮ የሚበቃው የሽቦ ወንፊት ለድርጭት ጫጩት በር ነው፤ ጣት የማያስገባ ቀጭን ወንፊት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ እነሱ ይወጣሉ፣ አይጥም ይገባል። ኩሷ እርጥብና ሽታው ብርቱ ስለሆነ በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ቀኑ መጠረግ አለበት። ለማዳዋ ድርጭት መታቀፍን ጨርሳ ስለተወች ያለ ማሽን ማራባት የሚቻለው በምትታቀፍ ቀለል ባለች የሐበሻ ዶሮ ሥር በማስቀመጥ ነው፤ ከባድ ዶሮ ትሰብረዋለች።

ብርሃንም ቁም ነገር ነው። ድርጭት ሳታቋርጥ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ በአገራችን ግን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ለእኩሌታ የቀረበ ስለሆነ ማታ ወይም ንጋት ላይ አምፖል መጨመር የግድ ነው። ይህ ሸክም ቢመስልም ለጾመኛ አገር ጥቅም አለው፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ የተጨመረውን ብርሃን ቀስ በቀስ ስቀንሰው እንቁላሉም አብሮ ይቀንሳል፣ መኖውም ይቆጠባል፤ ለትንሣኤ ሲቃረብ ደግሞ መልሼ እጨምረዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። ከተማችን ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ እዚህ ጫጩት ማሞቅ ከባድ አይደለም፤ የእኛ ፈተና በተቃራኒው ከ35 ዲግሪ በላይ የሚወጣው ሙቀት ነው። እንቁላሉንም የሚወስዱልኝ በደሴ መንገድ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ቀድሜ ካላነጋገርኳቸው አልጀምርም ነበር። እርስዎም ማንንም ሳያነጋግሩ አይጀምሩ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የድርጭት እንቁላል መድኃኒት ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ሕዝቡ በገፍ ወደ እርባታው ገባ። ብዙው ገበያ አርቢ ለአርቢ የሚሸጠው የዘር እንቁላልና ጫጩት ነበርና ሁሉም አርቢ በሆነ ጊዜ ገዢ ጠፋ፤ በ2014 ዋጋው ወድቆ ብዙዎች ከእነ ቤቱ ጣሉት። እኛም አገር ድርጭት አስም ታድናለች፣ ደም ግፊት ታወርዳለች እያሉ የሚሸጡ ስላሉ ይህን ማንሳት ግዴታዬ ነው። እንቁላሏ ጥሩ ምግብ ነው፤ በሚዛን ሲለካ ከዶሮ እንቁላል ጋር የሚቀራረብ፣ በብረትና በአንዳንድ ቪታሚን ትንሽ የሚበልጥ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። የዶሮ እንቁላል የማይስማማው ሰውም ይህም ላይስማማው ስለሚችል ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው።

ሌላው፣ በደጋው የገብስና የስንዴ ማሳ ላይ የምትታየውን የዱር ድርጭት አጥምዶ ለማርባት የሚያስቡ ሰዎች ጠይቀውኛል። የምናረባት ከጃፓን የተገኘችው፣ ለብዙ ትውልድ ከሰው ጋር የኖረችው ዝርያ ናት። የዱሯ በቤት ውስጥ አትላመድም፤ በማሳዋ ብትተው ይሻላል። ይበላል ወይ ብለው አማትዎ ቢጠይቁ ደግሞ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ለእስራኤል በምድረ በዳ የወረደላቸው ሥጋ ድርጭት መሆኑን ይንገሯቸው፤ ከዚያ ያለፈውን የንስሐ አባታቸው ይመልሱላቸዋል።

ስለዚህ ለደብረ ብርሃን፣ ያለ ገዢና ያለ ተጠባባቂ ኃይል፣ ድርጭትን አልመክርም። ባለቤትዎ ሐሳቡን እንዳይተወው ግን እለምነዋለሁ፤ ከቆላ ያደጉ፣ ላባ የጨረሱ ጥቂት ድርጭቶች ወስዶ በተለየ ክፍል ቢሞክር አያያዙን ይማርበታል።


መልስ፦ የመሐል ሜዳዋ

ልጄ፣ እኔ የምኖረው መንዝ ነው፤ ከእናንተም ይበልጥ ይበርደናል። ድርጭቱን አላውቀውም፤ ዶሮን ግን አውቃለሁ፣ አማትሽም እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። የውጭ ዝርያ ስትገዢ አንድ ሁለት የሐበሻ ዶሮ አብረሽ አኑሪ። እንቁላሏ በዓመት ከሃምሳ ስድሳ ብዙም አይበልጥም፣ ትንሽም ነው፤ ነገር ግን ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን በክንፏ አሙቃ ታሳድጋለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድማ አይታ ትጠራቸዋለች። የፈረንጅ ዶሮ ይህን ሁሉ አታውቅም። መብራት ጠፋ አልጠፋ ለሚለው ጭንቀትሽም ከእሷ የተሻለ መልስ የለም።

ሽያጩን በተመለከተ ለበዓል የሚወጣ አውራ መልኩና እግሩ ይታያል፤ ቀዩና ገብስማው ቶሎ ይሸጣል፣ ጥቁሩ ግን ገዢ ያስመርጣል። ጫጩት ስታስቀሪ ይህንን አስቢበት። ለዶሮ ወጥ የሐበሻ ዶሮ ሥጋ የሚፈለገው ጠንከር ስለሚልና ወጡ ውስጥ ስለማይፈርስ ነው፤ ሳሶው ቶሎ ስለሚበስል ዘግይቶ ነው የሚጨመረው፤ ሽንኩርቱና በርበሬው አስቀድሞ በደንብ መብሰል አለበት።

ቤታቸውን ከመሬት ከፍ አድርጊው፤ ቆጡንም ከግድግዳው አርቀሽ ሥሪው። ሸለምጥማጥ አንዲት ቀዳዳ ካገኘ በአንድ ሌሊት ሁሉንም አንገታቸውን ቆርጦ ይጥላል፤ አንዷን በልቶ የሚሄድ አይደለም። የግንብ አጥር አያስቆመውም፤ ይወጣዋል። ማታ በሩን የሚዘጋ አንድ ሰው ይኑር፣ ያም ሰው ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ እኔ ዘጋሁ አንቺ ዘጋሽ ሲባል ነው ዶሮ የሚያልቀው።


ጠያቂዋ፦

የሁላችሁም መልስ ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ እናታችን ከመሐል ሜዳ የጻፉትን ለአማቴ አንብቤላቸው ደስ ብሏቸዋል። ዶሮ እንዲሆን ተስማምተናል። ባለቤቴ ግን ከሸዋ ሮቢት የተጻፈውን ካነበበ በኋላ ጥቂት ድርጭት በዚያው በዶሮው ቤት ጥግ ላይ ብናስቀምጥ ምን አለበት ብሎ ጠይቋል። ስለ ክትባቱም እንድታስረዱኝ እፈልጋለሁ፤ ጎረቤቶቻችን ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ዶሮዎቻቸው ሁሉ አልቀውባቸዋልና። የፋሲካውን ገበያ ለመድረስስ መቼ መግዛት አለብን?


መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ዶሮና ድርጭትን በአንድ ቤት ማኖር አይገባም። ዶሮ ብዙ ሳትታመም የምትሸከመው ተውሳክና ባክቴሪያ ለድርጭት ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ አንጀትን የሚያቆስለው የድርጭት በሽታ በኩስ አማካይነት ይተላለፋል፣ ባንዴም ብዙዎቹን ይጥላል። ድርጭትም በበኩሏ ፈንግል የሚባለውን ገዳይ የዶሮ በሽታ ከዶሮ የተሻለ ስለምትቋቋም የበሽታው ምልክት ሳይታይባት ለዶሮዎቹ ልታስተላልፍ ትችላለች። የተለየ ክፍል፣ የተለየ መጠጫና መመገቢያ፣ ከተቻለም የተለየ ጫማ ያስፈልጋል። ጠዋት መጀመሪያ ድርጭቶቹን፣ ቀጥሎ ዶሮዎቹን መጎብኘት እንጂ በተቃራኒው አይሁን።

ጎረቤቶችዎ ዘንድ የደረሰው፣ ከአገላለጽዎ ስገምተው፣ ፈንግል ይመስላል። አንገት መጠማዘዝ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስና ድንገተኛ ሞት ምልክቶቹ ናቸው። መድኃኒት የለውም፤ ያለው መከላከያ ክትባቱ ብቻ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚዘጋጅ ስለሆነ በየወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይገኛል። በተለምዶ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ ዋን የሚባለውን የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ፣ በኋላም ላሶታ የሚባለውን ሌላውን የፈንግል ክትባት በውኃ ትወስዳለች፤ በመካከሉ ጉምቦሮ ለሚባለው ሌላ የዶሮ በሽታ ክትባት ይሰጣል። የ45 ቀን ጫጩት ሲገዙ የትኛው በየትኛው ቀን እንደተሰጠ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጽሑፍ የማይሰጥ ሻጭ ጋ አይግዙ። ከዚያም በኋላ ላሶታ በየተወሰነ ወሩ ይደገማል፤ ጊዜውን ክሊኒኩ ይነግርዎታል።

ክትባቱ በውኃ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የሚቀረው በአሰጣጡ ምክንያት ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ንጹሕ ውኃ ወይም ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳን በሌለው ዕቃ ያደረ ውኃ ይጠቀሙ፤ ቅባቱ የወጣ የዱቄት ወተት ጥቂት መጨመርም ክትባቱን ይጠብቀዋል። ዶሮዎቹ ጠዋት ውኃ ተከልክለው ጠምቷቸው ሲቀርብላቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱታል። ከክሊኒክ እስከ ቤት በረዶ ባለበት ዕቃ መምጣት አለበት፤ በኪስ ወይም በፀሐይ የመጣ ክትባት ውኃ ማለት ነው።

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ዝናብ ሲጀምርና በበዓል ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ ሲዘዋወር ነው። ስለዚህ ከገበያ የመጣች ዶሮ፣ ለመታረድ የተገዛችም ብትሆን፣ ከእናንተ ዶሮዎች ጋር አትቀላቀል። እናታችን ያሏት የሐበሻ ዶሮ ስትመጣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፣ ትከተብም።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልጨምር፤ የ45 ቀን ጫጩትም ቢሆን በውርጭ ወራት ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ድጋፍ ትፈልጋለች። ለዚህ የሚረዳው ግድግዳውና ክዳኑ በጭድ የታጨቀ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ጫጩቶቹ የራሳቸውን ሙቀት ይዘው ስለሚያድሩበት መብራት አያስፈልገውም፤ በአገራችንም በብዙ ቦታ ተሠርቶበታል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ግን ይኑረው። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስቀመጥን ፈጽሞ አትሞክሩት፤ ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ጫጩቶቹንም የሚጠብቃቸውንም ሰው ይገድላል።

ልጆቹ ዶሮዎቹን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ አድርጉ፤ እንቁላሉንም አስኳሉ እስኪጠነክር ቀቅላችሁ ስጧቸው።


መልስ፦ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ለፋሲካው ጥያቄዎ፦ ፋሲካ በአብዛኛው ሚያዝያ ውስጥ ስለሚውል የ45 ቀኑን ጫጩት በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ብትገዙ ወንዶቹ ለበዓሉ አምስት ወር ገደማ ይሞላቸዋል፤ የታኅሣሡ ውርጭም በአብዛኛው ያልፍላችኋል። ቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ በዚያ ወቅት ሁሉም ሰው ስለሚፈልግ ጫጩት ይጠፋል። ቤቱን ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱት። በሩና መስኮቱ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይሁን፣ ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ሰጋቱራ ወይም የተቆራረጠ ጭድ ይነስነስ፤ ሲረጥብ ይገላበጥ፣ ሲከፋ ይቀየር። የሚወጣው ፍግ ወራት ሳይብላላ ጎመን ላይ አይደረግ፤ ሥሩን ያቃጥለዋል።

የጾሙን ገበያ በተመለከተ፣ ይህ የመግዣ ጊዜ ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዶሮዎቻችሁ በእድገት ላይ ስለሆኑ የሚሸጥ እንቁላል የላችሁም፤ ገበያው የሚከፈተው እነሱ በሚደርሱበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ በሚመጡት አጽዋማት የሚጠራቀመው እንቁላል ሳይታጠብ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ክፍል ቢቀመጥ በእኛ አገር አየር ሦስት ሳምንት ያህል ሳይበላሽ ይቆያል፤ ልጆቻችሁ ደግሞ ለጾም ስላልደረሱ የሚበሉት አይጠፋም። ከዶሮዎቹ መካከል ለበዓል የሚወጡት ወንዶቹ ይሁኑ፤ አንድ አውራ ብቻ አስቀሩ፣ ጫጩት ለማስፈልፈል ካልፈለጋችሁ እሱም አያስፈልግም፤ ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች። ቄቦቹን ግን ማንም ጥሩ ዋጋ ቢሰጣችሁ ለፋሲካ አትሽጧቸው፤ መጣል የሚጀምሩት በዚያው ሰሞን ነው።